ወተቱን የመለሰው አንድ ምርመራና የእኛ ላብ ሪፖርት



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ኩየራ ቤተሰብ ጋ ሳለሁ አንድ ማለዳ ጎረቤታችን ወተት የሞላውን ጀሪካናቸውን እንደያዙ ከወተት መሰብሰቢያው ተመልሰው መጡ። "አይገዛም" ተብለዋል። ተረካቢው ልጅ በትንሽ ብልቃጥ ወተቱንና አልኮሉን እኩል ቀላቀለ፣ ነቀነቀው፣ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ቅንጣት ታየ፣ በቃ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። እሳቸው ግን የገባቸው ሌላ ነው፤ ውሃ ጨምረሻል የተባሉ መሰላቸው። በሰው ፊት ሌባ የተባሉ ያህል ከፍቷቸዋል። ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ "አንተ ኢንጂነሩ፣ ከሱብሒ በኋላ ያለብኩት ወተት በምን ምክንያት ይመለሳል? እስቲ ንገረኝ ልጄ" አሉኝ።

የሦስተኛ ዓመት ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የምመልሰው አጣሁ። "እጠይቃለሁ እናቴ" ብዬ አለፍኩ።

ካምፓስ ስመለስ ላይብረሪ ገብቼ ነገሩን ፈለግኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት እሳቸውን የሚያስደስት ነበር። የአልኮል ምርመራ ውሃ መጨመሩን ለማወቅ የሚደረግ አይደለም። ለዚያ ላክቶሜትር አለ፤ የወተቱን ጥግግት የሚለካ ተንሳፋፊ መሣሪያ። አልኮሉ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ወተት በእሳት ሲሞቅ ይቋጠራል ወይስ ይችለዋል የሚል። ወተት መኮምጠር ከጀመረ አልኮሉ ያጋልጠዋል። ነገር ግን ያልኮመጠረ ወተትም በአልኮል ሊቋጠር ይችላል። ላሟ ገና የወለደች ከሆነች፣ ልትነጥፍ ከደረሰች፣ ጡቷ ከታመመ፣ ወይም በወተቱ ውስጥ ያለው የካልሲየምና የሌሎች ጨዎች ሚዛን ከተዛባ ውጤቱ ያው ነጫጭ ቅንጣት ነው። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ብቻ አይቶ መፍረድ ያስቸግራል። ፒኤች መለካት፣ ጥቂት ወተት አፍልቶ ማየት፣ አሲዱን በጠብታ ቆጥሮ መመዘን ያስፈልጋል። በኋላ ስደውል የጎረቤታችን ላም ልትነጥፍ የደረሰች መሆኗን ነገሩኝ። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ ግን አልምልም። አልለካሁትማ።

ይህን ጉዳይ ወደዚህ ጋዜጣ ያመጣሁት ወተቱን ስከተል ሳላስበው ዛሬ የዓለም ባዮሎጂስቶች የሚከራከሩበት ሜዳ ውስጥ ስለገባሁ፣ እዚያም የራሴን ጥፋት ስላየሁ ነው።

በላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከመቶ 80 ያህሉ ኬዚን ይባላል። ፕሮቲን ሲባል በትምህርት ቤት የተሳለልን እንደ ቁልፍ የራሱ የተወሰነ ቅርጽ ያለው፣ ከቀዳዳው ጋር የሚገጥም ነገር ነው። ኬዚን እንዲህ አይደለም። እንደ ተፈታ ክር ነው፤ ቋሚ መታጠፊያ የለውም፣ ሁልጊዜ ቅርጹን ይለዋውጣል። ማስረጃው ከእናቶቻችን ወጥ ቤት አይጠፋም። እንቁላል ሲቀቀል ይረጋል፤ ጤነኛ ወተት ግን ሲፈላ ይገነፍላል እንጂ አይረጋም። የእንቁላል ፕሮቲን የታጠፈ ስለሆነ ሙቀት ይፈታዋል፣ የተፈታው ደግሞ እርስ በርሱ ይተበተባል። ኬዚን ግን ሙቀት የሚፈታው መታጠፊያ ከመጀመሪያውም የለውም። ይህን ሳነብ በራሴ ሳቅኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱም አንድ ምድጃ ላይ ሲጣዱ እያየሁ "ለምን?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

እነዚህ ክሮች በወተት ውስጥ ለየብቻ አይዋኙም። በሺዎች ሆነው ከካልሲየምና ከፎስፌት ጋር እየተሰባሰቡ ኳስ ይሠራሉ፤ የአንዱ ኳስ ስፋት በአማካይ ከሚሊሜትር አምስት ሺህኛ አካባቢ ነው። የወተት ንጣት አንዱ ምንጭ እነሱ ናቸው። በኳሱ ላይ እንደ ፀጉር የቆሙ የኬዚን ጫፎች አንዱ ኳስ ከሌላው እንዳይጣበቅ ይጠብቃሉ። አልኮል ይህን ፀጉር ያስተኛዋል። እርሾው ወተቱን ሲያኮመጥረው ደግሞ ፒኤቹ ከ6.7 አካባቢ እየወረደ 4.6 ሲደርስ የኬዚን ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይመጣጠንና የሚገፋፋው ኃይል ያልቃል። እርጎው ይረጋል። ተንጦ ቅቤው ሲወጣ፣ አሬራውም ሲጣድ፣ አይብ በአንድ በኩል አጓት በሌላ በኩል ይሆናል። እናቴ አሬራውን ጥዳ ጣቷን ነክራ "አሁን በቃው" ትላለች። ቴርሞሜትር የላትም፣ ስታወርድ ግን ተሳስታ አላየሁም።

አንድ ወጥ የነበረ ፈሳሽ በሁለት ሲከፈል፣ አንዱ ክፍል በፕሮቲን የበለጸገ ሌላው የሳሳ ሲሆን፣ በእኛ ትምህርት ፌዝ ሴፓሬሽን ይባላል። (ኢንጂነሪንግ ለማታጠኑ፦ ፌዝ ስል ቀልድ ማለቴ አይደለም።) ለብዙ ጊዜ ይህ የኬሚስቶችና የምግብ ፋብሪካዎች ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ክሊፎርድ ብራንግዊንና አንቶኒ ሃይማን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ጀርመን ድሬስደን ሆነው፣ በአንዲት ጥቃቅን ትል ፅንስ ውስጥ ፒ ግራኑል የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ፈሳሽ ጠብታ ሲዋሃዱ፣ ሲንጠባጠቡና ሲሟሙ አሳዩ። ሴል ውስጥ ሽፋን የሌላቸው ክፍሎች እንዴት ተሰብስበው ይቆያሉ ለሚለው ጥያቄ ይህ አዲስ መልስ ነበር። ብዙ ጊዜ ጠብታዎቹን የሚሠሩት ደግሞ እንደ ኬዚን ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው፣ ወይም ቅርጽ አልባ ክፍል ያላቸው ፕሮቲኖች ሆኑ። በ2015 ኤፍ ዩ ኤስ በተባለ ፕሮቲን ላይ የተሠራ ጥናት ጠብታው ቆይቶ እየጠጠረ ወደ ጭረት መሰል ነገር እንደሚለወጥ፣ ነርቭን ገድሎ ጡንቻን የሚያሽመደምደው ኤኤልኤስ በተባለው ሕመም የሚገኘው የፕሮቲኑ ለውጥ ደግሞ ይህን እንደሚያፋጥነው አሳየ። ስለዚህ ጠብታው ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

እንዴት ያውቁታል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፌ የተነሣው ለዚህ ነውና።

በጣም ርካሹ ዘዴ ድፍርስነትን መለካት ነው። ፕሮቲኑ ሟሙቶ ሳለ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፤ ጠብታ ሲሠራ ብርሃን ይበተናል፣ ስፔክትሮፎቶሜትሩም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ጨው፣ ፒኤችና ሙቀት አንድ በአንድ እየለዋወጡ መቼ እንደሚደፈርስ መዝግቦ ካርታ መሥራት ይቻላል። ግን ድፍርስነት የነገሩን መኖር እንጂ ማንነቱን አይናገርም። ፈሳሽ ጠብታም፣ የተቆራረጠ አይብም፣ አቧራም እኩል ያደፈርሳሉ። ከዚህ የባሰም ወጥመድ አለ። ጠብታዎቹ ተዋህደው ከትልቃቸው ወደ ታች ሲዘቅጡ ብርሃኑ መንገድ ያገኛል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። መለያየቱ ጨምሮ ሳለ መሣሪያው ቀነሰ ይላል።

ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል፤ ክብ ነው ወይ? ሁለቱ ሲነካኩ አንድ ክብ ይሆናሉ ወይስ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው ይቀራሉ? ቀጥሎ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከርና ከላይ በቀረው ጥሩ ፈሳሽ ውስጥ ስንት ፕሮቲን እንዳለ ይለካል። ንጹሕ የአንድ ፕሮቲን ፌዝ ሴፓሬሽን ከሆነ፣ ፕሮቲን በጨመሩ ቁጥር ጠብታው ይበዛል እንጂ ከላይ የሚቀረው መጠን ከአንድ ወሰን አያልፍም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ዋጋውም ብዙ ስላልሆነ። ውድ ወደሆነው ስንሄድ ደግሞ ፕሮቲኑን የሚያበራ ቀለም ያስይዙና በሌዘር አንድ ነጥብ ያደበዝዛሉ። ውስጡ ፈሳሽ ከሆነ የሚያበሩት ከዙሪያው ገብተው ነጥቡን መልሰው ያበሩታል። በሰከንድ ይቆጠራል። ግን ቶሎ መብራቱ ብቻውን የነገሩን አመጣጥ አያረጋግጥም፤ ያስያዙት ቀለም ራሱ የፕሮቲኑን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል፣ የመስታወቱ ገጽ ጠብታውን ሊያፈርጠው ይችላል፣ የሴልን መጨናነቅ ለመምሰል የሚጨመረው ፖሊኢትሊን ግላይኮልም በተለመደው ሁኔታ የማይለያየውን ሊያለያየው ይችላል።

ያስደነቀኝ ግን ሄክሳንዳዮል ነው። ተመራማሪዎች በሴል ውስጥ ያዩት ክብ ነገር ፈሳሽ መሆኑን ለማወቅ ይህን ይጨምሩበታል፤ ከሟሟ "ፈሳሽ ነበር" ይላሉ። ሄክሳንዳዮል አልኮል ነው። ኩየራ ያለው ልጅ አልኮል ጨምሮ ቢቋጠር መለሰ፤ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች አልኮል ጨምረው ቢሟሟ ተቀበሉ። በኋላ ግን ይህ አልኮል ጠብታን ብቻ ሳይሆን የኢንዛይሞችንም ሥራ እንደሚያውክ፣ የማያሟማው ጠብታም እንዳለ ታየ። በእሱ ብቻ ተማምነው ፈሳሽ ነው ብለው የጻፉ ሰዎች ጥያቄ ተነሣባቸው። የጎረቤታችን ወተትና በዓለም መጽሔት የታተመው ጥናት አንድ ችግር ላይ ተገናኙ፤ አንድ ምርመራ፣ አንድ ምስክር፣ ፍርድ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ዙሪያ ዘጠኝ ሆነን ቆመናል። ሁለቱ ይነካሉ፣ ሦስቱ ያያሉ፣ የቀረነው ስለ ካፌው ምሳ እናወራለን። በመሀል መብራት ጠፋ። ሪፖርቱ ሰኞ ይገባል። ከሲኒየር የመጣ ፋይል በቴሌግራም ደረሰን፣ ሠንጠረዡን ገለበጥን፣ እንዳይመሳሰል ሦስተኛውን አሃዝ ለዋወጥን። ግራፉ ቀጥ ያለ ሆነ፤ አር ስኩዌሩ 0.998። ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም፣ እጄ ስለነበረበት ነው። ስማችሁን ሳልጠራ ግን ልጠይቃችሁ፤ ስንቶቻችሁ ናችሁ ያላደረጋችሁት?

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን መትኑን ከማንበባችን በፊት ሰነዱን ያስነብቡን ነበር። እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እሱም ከእገሌ። በመሀል አንድ ሰው ከጎደለ ሰንሰለቱ ተቆርጧል ይሉናል፤ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ሰነድ ማለት ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። የእኔ ሪፖርት በትምህርት ቤቱ ትርጉም ሰነድ ነበር። በመድረሳው ትርጉም ግን የተቆረጠ ነው፤ ያ ሲኒየርም ከሌላ ሲኒየር ወስዶት ይሆናል፣ መጀመሪያ የለካው ሰው መኖሩንም አላውቅም። "ለካሁ" ብሎ መጻፍ ምስክርነት ነው። ፈተና ላይ መኮረጅን ሁላችንም ነውር እንለዋለን፤ ላብ ላይ ያላየነውን አየን ማለትን ግን "መተጋገዝ" የሚል ስም አውጥተንለታል።

በዐውደ ርእያችን ግድግዳ ላይ የኢብኑ አል-ሀይሰምን ሥዕል መስቀል እንወዳለን። ከሺህ ዓመት በፊት ብርሃንን በጨለማ ክፍል ሲፈትኑ እንደነበር በየዓመቱ ለእንግዶች እናስረዳለን። እኔም አስረድቻለሁ። በዚያው ሳምንት ነበር ግራፉን የገለበጥኩት።

"መሣሪያ የለንም" ትሉ ይሆናል፤ ግማሹ እውነት ነው። ቅርጽ አልባ ፕሮቲኖችን በጥልቀት ማየት የሚችለው ኤን ኤም አር ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል 400 ሜጋኸርዝ ኤን ኤም አር አለ፤ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮቲን ጥናት ግን በአብዛኛው ከዚያ የሚበልጥ ይመረጣል። በኤክስሬይ ብተና ለማየት የሚረዳ ሲንክሮትሮን በአፍሪካ ምድር የለም፤ ለእኛ የሚቀርበው ዮርዳኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው ሴሳሚ ነው። ይህ ሁሉ እስኪመጣ ድረስ ግን ድፍርስነት፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊዩጅና ፒኤች መለኪያ እዚሁ አሉ። የጠፋው ተራ ነው፤ ዘጠኝ ሰው በአንድ መሣሪያ። ተራ ደግሞ በጀት ሳይሆን ሰዓት ነው የሚፈልገው። ቅዳሜ ከሰዓት ላቡ ባዶውን ይውላል።

በዚህ ሴሚስተር ቴክኒሽያኑን አስፈቅጄ ለብቻዬ ሞከርኩት። ስቡ የወጣለት ወተት፣ ኮምጣጤ፣ ፒኤች መለኪያ። ወተቱን በውሃ አሳስቼ ኮምጣጤውን በጠብታ ጨመርኩ። ፒኤቹ ከ5 ትንሽ ከፍ ብሎ ሳለ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፣ ወጣ፣ ከዚያ ዝቅ አለ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ። ብልቃጡን አውጥቼ ሳየው ነጩ ነገር ታች ተኝቷል። ከላይ የጻፍኩት ወጥመድ ይኸው ነው፤ ካነበብኩት በኋላም ገባሁበት። ግራፌ አስቀያሚ ነው፣ ሁለት ነጥብ ከመስመር ወጥቷል፣ እስካሁን ለአንደኛው ምክንያት አላገኘሁለትም። ነጥቦቹ ግን የእኔ ናቸው።

አይብ ግን ፈሳሽ ጠብታ አይደለም፤ ተሰባስቦ የጠጠረ ነው። እውነተኛ ፈሳሽ ጠብታ ማየት ለሚፈልግ ከዚህም የቀለለ አለ። ቡንገንበርግ ደ ዮንግ የተባለ የሆላንድ ኬሚስት ከክራይት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1929 ስም ያወጣለት ነገር ነው፤ የጀላቲንና የግራር ሙጫ ውህድ። ሁለቱን ለየብቻ ለብ ባለ ውሃ አሟሙቶ መቀላቀል፣ ኮምጣጤ ጠብ እያደረጉ ፒኤቹን ወደ 4 ማውረድ። ጀላቲኑ ፖዘቲቭ፣ ሙጫው ኔጋቲቭ ይሆናሉ፣ ይሳሳባሉ፣ ውሃው ይደፈርሳል፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ክብ ጠብታዎች ሲዋሃዱ ይታያሉ። በጠብታው ውስጥ ቀለም ማሸግ ስለተቻለ ነው ካርቦን የማያስፈልገው የደረሰኝ ወረቀት የተሠራው። ሙጫውን የሚሰጠው የግራር ዝርያ በእኛው ስምጥ ሸለቆ ይበቅላል። ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ልማድ ነው፤ እዚህ ጥያቄው ኬሚስትሪም ይሆናል። በአሲድ የሚዘጋጀው በብዛት ከአሳማ ቆዳ ነው፣ ቻርጁም የሚመጣጠነው ከፒኤች 7 እስከ 9 ባለው ነው። በአልካሊ የሚዘጋጀው በአብዛኛው ከከብት ሲሆን የሚመጣጠነው 5 አካባቢ ነው። ሐላሉን የጠየቀ ሰው የሙከራውን ፒኤችም አብሮ ያገኛል።

ስለዚህ ለጀመዓችን የትምህርት ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለፍሬሽ ተማሪዎች ቅዳሜ የምንሰጠው ቱቶሪያል ጥሩ ነው፤ ማትስና ፊዚክስ እናስረዳለን፣ የአምና ፈተና እንሠራለን። ከአራቱ ቅዳሜ አንዱ ለእጅ ይሁን። ሙስሊም ላልሆኑ ጓደኞቻችንም ክፍት ይሁን፤ ያ ዘጠኝ ሰው ሁላችንም ነን። በአንድ መሣሪያ ከሦስት ሰው አይብለጥ። በቡድኑ ውስጥ ማን ምን እንደለካ ከቁጥሩ ጎን ስሙ ይጻፍ። መብራት ከጠፋ "መብራት ጠፋ፣ አልለካንም" ተብሎ ይጻፍ። ይህን የጻፈ ተማሪ ማርክ ቢቀነስበት ለመምህሩ አብረን ሄደን እናስረዳ። አንዳንድ መምህራን ቀጥ ያለውን ግራፍ ይወዳሉ፣ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ግን የተገለበጠውን ያውቁታል፣ ታክቷቸው ነው የሚያልፉት።

አንድ ወንድም ይህን ሐሳብ ሳጫውተው "ሥራ ስንይዝ እንማረዋለን" አለኝ። ሥራ የያዘው ያ ወተት ተረካቢ ልጅ ብልቃጡን እንዴት እንደሚነቀንቅ ተምሯል። ቅንጣቱ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ ግን የነገረው የለም። እኔም አራት ሴሚስተር ተምሬ ከእሱ አልሻልኩም ነበር።

ለጎረቤታችን ደውዬ ውሃ ጨምረሻል እንዳልተባሉ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ "ታዲያ ልጁ ለምን አልነገረኝም?" አሉ። በሚቀጥለው እረፍት የፒኤች ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ ሌላዋ ላማቸው በቅርቡ ትወልዳለች፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየመዘገብኩ ልከታተላት አስቤአለሁ። እስከዚያ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ላቡ በር ላይ እገኛለሁ። ወተቱን እኔ አመጣለሁ፤ እናንተ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። እርሳስ አይሆንም፣ ይጠፋል።